የማይጮኽ አጥንት፦ የደብረ ኤልያሱ የኔታና የኑክሌሩ ካሜራ

ዛሬ ከወትሮው የፖለቲካ ወግ ትንሽ ራቅ ብዬ ስለ አንድ መሣሪያ ታሪክ ላወጋ ነው። ራቅ ማለቴ ግን ለይምሰል ነው፤ መጨረሻ ላይ ወደዚያው ወደለመድነው ጉዳያችን መመለሴ አይቀርም።

ነገሩ የሚጀምረው ከደብረ ኤልያስ ነው። ከደብረ ማርቆስ በስተምዕራብ የምትገኘውን ይህችን የምሥራቅ ጎጃም ወረዳ ከተሜው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቃት በቅኔ ጉባኤዋ ነው። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ከቀሰሙባቸው ደብሮች አንዷ እርሷ ናት። የአባቴ ታላቅ ወንድምም ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በዚያው አካባቢ ቅኔ በማስተማር ነበር። እኛ የሥጋ ዘመዶቻቸው እንኳ አጎቴ ብለናቸው አናውቅም፤ ለሁላችንም «የኔታ» ነበሩ።

በ2009 ዓ.ም. ገደማ የኔታን ወገባቸውን ማመም ጀመራቸው። መጀመሪያ የደነገጠ ሰው አልነበረም። አርባ ዓመት መሬት ላይ ተቀምጦ ያስተማረ ሰው ወገቡን ባያመው ነበር የሚገርመው። ጠበሉም ተጠመቀ፣ ወጌሻውም አሸ። ፊታቸው እየገረጣ ሲሄድም «የጾም ነው» ተባለ። ሕመሙ ሌሊት እንቅልፍ መንሣት ሲጀምር ግን በመጀመሪያ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ከዚያም የዓባይን በረሃ አሻግረን ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዘን አዲስ አበባ አመጣናቸው። በእርሳቸው ዕድሜ ባለ ወንድ ላይ የወገብ ሕመም ሲጸና ሐኪም ቀድሞ የሚጠረጥረው የፕሮስቴት ካንሰር ወደ አጥንት ተሠራጭቶ እንዳይሆን ነው፤ ስለዚህ የአጥንት ስካን ታዘዘላቸው። በክንዳቸው ጨረር አመንጪ ፈሳሽ ተወጋ፤ ጥቂት ሰዓታት ጠብቀው ከካሜራው ሥር ተኙ። ውጤቱ ሲመጣ ከጉልበታቸው በስተቀር አንዳች የሚያሰጋ ነገር አልታየም የሚል ነበር። ጉልበታቸው ደምቆ የታየው በዕድሜና በስግደት ብዛት ባረጀው መገጣጠሚያ ምክንያት ነው ተባልን።

እንዴት ያለ ደስታ ነበር! እኔው ራሴ ወረቀቱን ይዤ፣ «የኔታ፣ እንኳን ደስ አለዎ፤ ንጹሕ ነው ተብሏል» አልኋቸው።

«ማነው ያለው?» አሉኝ።

«መሣሪያው ነዋ!»

ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ለመሆኑ መሣሪያው ምን ተብሎ ተጠየቀ?» አሉኝ።

ሣቅሁ። እውነቱን ለመናገር የሽማግሌ ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ከሰባት ወር በኋላ ከመደባቸው ሲነሡ ጭናቸው ተሰበረ። ያኔ በተደረገው የደምና የመቅኒ ምርመራ መልቲፕል ማየሎማ የሚባል የመቅኒ ካንሰር መሆኑ ታወቀ። ኩላሊታቸውም ተጎድቶ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. አረፉ። ይህ ጽሑፍ ያን ጊዜ ሣቅ ብዬ ያለፍሁትን ጥያቄ ዘግይቼ ለመመለስ የማደርገው ሙከራ ነው።

* * *

የኑክሌር ሕክምና ታሪክ ከአንድ የተማሪ ማደሪያ ማእድ ይጀምራል ቢባል ማጋነን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1911 ሀንጋሪያዊው ጆርጅ ደ ሄቨሺ ማንቸስተር ውስጥ ከራዘርፎርድ ዘንድ ይሠራ ነበር። የተከራየበት ቤት እመቤት ከሰንበት ማእድ የተረፈውን ምግብ በሌላ መልክ እየሠራች መልሳ ታቀርብልናለች ብሎ ይጠረጥራል። እርሷ ግን በፍጹም ትላለች። እንደሚተረከው አንድ ቀን ከተረፈው ምግብ ላይ ቅንጣት ታህል ጨረር አመንጪ ነገር ጣል ያደርግበታል፤ ከቀናት በኋላ በቀረበው አዲስ ምግብ ላይ መሣሪያውን ቢያስጠጋው ጨረሩ ተገኘ። የዚህ ሁሉ ሳይንስ መሠረቱ ይኸው ነው። ምልክት ያለበትን ነገር አስገባ፣ የት እንደሄደ ተከተል።

ሄቨሺ በ1923 ዘዴውን ከቀልድ ወደ ቁም ነገር አሸጋገረው። ጨረር አመንጪ እርሳስ የተቀላቀለበት ውኃ ለባቄላ ተክል አጠጥቶ፣ እርሳሱ በሥር፣ በግንድና በቅጠል እንዴት እንደሚከፋፈል አሳየ። በ1935 ደግሞ ኮፐንሃገን ሆኖ ከባልደረባው ከቺየቪትስ ጋር ጨረር አመንጪ ፎስፈረስ ለአይጦች ሰጠ። የተገኘው ውጤት በጊዜው የነበረውን እምነት የሚያናጋ ነበር። አጥንት እንደ ድንጋይ የረጋ አካል ሳይሆን ዘወትር እየፈረሰ የሚሠራ ሕያው ነገር ሆኖ ተገኘ። ሄቨሺ የ1943ን የኬሚስትሪ ኖቤል ያገኘው በዚህ የመከተል ዘዴ ነው። የኔታን የመረመረው መሣሪያ የልጅ ልጁ ነው ብንል እንችላለን።

በመካከሉ ሌሎች ባለሙያዎች ድርሻቸውን አበረከቱ። በ1937 ጣልያን ውስጥ ፓሌርሞ ላይ ሴግሬና ፔሪየር ቴክኒሺየም የተባለውን ንጥረ ነገር አገኙ። በ1941 አሜሪካዊው ሐኪም ሶል ኸርትዝ ጨረር አመንጪ አዮዲንን ለእንቅርት ዕጢ ሕመም መድኃኒት አደረገ። በ1950ዎቹ ማገባደጃ ሃል አንገር የጋማ ካሜራን ሠራ፤ በዚያው ዘመን በብሩክሄቨን ቤተ ሙከራ ቴክኒሺየምን ከሞሊብዲነም የሚያልብ «ጄኔሬተር» ተሠራ። በ1971 ደግሞ ሱብራማኒያንና ማካፊ ቴክኒሺየምን ከፎስፌት ጋር አጣምረው ወደ አጥንት የሚሄድ ውሕድ አቀረቡ። ዛሬም በየሆስፒታሉ የሚሠራበት የአጥንት ስካን መንገድ ያን ጊዜ ተጠረገ።

* * *

እዚህ ላይ ነው የየኔታ ጥያቄ የሚነሣው። ይህ ውሕድ በደም ሥር ከገባ በኋላ የሚፈልገው ምንድን ነው? ካንሰርን አይደለም! ካንሰርን ጨርሶ አያውቀውም። እርሱ የሚጣበቀው አዲስ አጥንት በሚሠራበት ቦታ ላይ ነው። የፕሮስቴት ካንሰር ወደ አጥንት ሲገባ አጥንት ገንቢ ሕዋሳትን ይቀሰቅሳል፤ እነርሱም ይረባረባሉ፤ ውሕዱም እዚያ ይከማቻል፤ ካሜራውም ደማቅ ነጥብ ያሳያል። ስለዚህ ስካኑ ለዚህ ዓይነቱ ሕመም እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከተራ ራጅ ወራት ቀድሞ ይናገራል። ነገር ግን ያየነው በሽታውን ሳይሆን አጥንቱ ለበሽታው የሰጠውን ምላሽ ነው፤ ቁስሉን ሳይሆን ጩኸቱን ነው።

ማየሎማ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። አጥንት አፍራሾቹን ሕዋሳት ያሰማራል፤ ገንቢዎቹን ደግሞ ያፍናል። አጥንቱ ይበላል፣ ጥገና አይደረግለትም፤ ጥገና በሌለበት ደግሞ ውሕዱ አይከማችም። ቤቱ ውስጥ ለውስጥ በምስጥ ተበልቶ ሳለ ግድግዳው ላይ ስንጥቅ እንደማይታይ ማለት ነው። በተቃራኒው ያረጀ ጉልበት፣ የቆየ ስብራትና የአጥንት ቁስለት ካንሰር ሳይሆኑ ያበራሉ። የየኔታ ጉልበት ጮኸ፤ እየሞተ የነበረው አከርካሪያቸው ግን ዝም አለ። ምስሉ አልዋሸም፤ የተጠየቀውን በትክክል መለሰ። የተሳሳትነው ያልተጠየቀውንም እንደመለሰ የቈጠርን እኛ ነን።

ተራው ራጅም ቢሆን ፍጹም አይደለም፤ ከአጥንቱ ማዕድን ከሠላሳ እስከ ሃምሳ በመቶ የሚሆነው እስኪጠፋ ድረስ ጉዳቱን ላያሳይ ይችላል። ዛሬ በማየሎማ ለሚጠረጠር ሰው የሚመከረው መላ ሰውነትን የሚያሳይ ሲቲ ወይም ኤምአርአይ ወይም ፔት ሲሆን፣ ከሁሉ በፊት ግን የደምና የሽንት ፕሮቲን ምርመራ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳዝንም የሚያስገርምም ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1845 ለንደን ውስጥ አጥንቱን ያመው የነበረ አንድ ነጋዴ የሚሸናው ሽንት እንግዳ ጠባይ አሳየ። ሐኪሞቹም ናሙናውን «ይህ ነገር ምንድን ነው?» ከሚል ጥያቄ ጋር ሄንሪ ቤንስ ጆንስ ለተባለው የኬሚስትሪ ዐዋቂ ሐኪም ላኩለት። በሽንቱ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ሞቅ ሲያደርጉት ይረጋል፣ ሲያፈሉት ተመልሶ ይሟሟል። ቤንስ ጆንስ ይህን አጥንቶ በ1847 እና በ1848 አሳተመ፤ ነገሩ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ልብ በሉ፤ ይህ የሆነው እኛ ዘንድ ዘመነ መሳፍንት ሳይገባደድ፣ ጎጃምን ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ሲገዙ ነው። ሮንትገን ራጅን ሊያገኝ ግማሽ ምእት ዓመት ይቀረው ነበር። በርግጥ የማፍላቱ ዘዴ ብዙ የሚያመልጠው በመሆኑ ዛሬ በተሻለ ምርመራ ተተክቷል። ቁም ነገሩ ግን ይህ ነው፤ እሳትና የመስታወት ብልቃጥ የያዘ ሰው ትክክለኛውን ጥያቄ ጠየቀ፤ እኛ በኑክሌር ካሜራ ሌላ ጥያቄ ጠይቀን በመልሱ ተደሰትን።

* * *

ይህ የአጥንት ስካን ብቻ ጉድለት እንዳይመስልባችሁ። በጎጃም ደጋ እንቅርት የቆየ ችግር ነው። የእንቅርት ዕጢ የኑክሌር ምርመራም የሚያሳየው አዮዲንን ወይም እርሱን የሚመስለውን ነገር ዕጢው እንዴት እንደሚቀበል ብቻ ነው። አዮዲን ያልተቀበለ እባጭ «ቀዝቃዛ» ይባላል፤ ከቀዝቃዞቹ ብዙዎቹ ግን ካንሰር አይደሉም። በሌላ ወገን ሜዱላሪ የሚባለው የእንቅርት ዕጢ ካንሰር አዮዲን ስለማይወስድ የአዮዲን ስካን ቢደጋገም ሥርጭቱን አያገኘውም። አዮዲን ይወስድ የነበረውም ካንሰር ጠባዩ ሲከፋ መውሰዱን ሊተው ይችላል። ያኔ ስካኑ «ንጹሕ» ይላል፤ በደም ውስጥ ያለው ታይሮግሎቡሊን ግን እየጨመረ ይሄዳል። ይህን ጊዜ ነው «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚባለው።

የሁሉ ቁንጮ ተደርጎ የሚታየው ፔት ስካንም የራሱ ገደብ አለው። ኦቶ ዋርበርግ በ1920ዎቹ የካንሰር ሕዋስ ስኳር አብዝቶ እንደሚበላ አስተዋለ። በዚህ ላይ ተመሥርቶ በ1976 ጨረር አመንጪ ስኳር ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ ተሞከረ። እንግዲህ ፔት የሚከተለው ስኳር በሊታን ነው። ቀስ ብሎ የሚያድገው የፕሮስቴት ካንሰር ስኳር እምብዛም አይፈልግም፤ ስለዚህ ያመልጠዋል። አንዳንድ የጉበትና የጡት ካንሰሮችም እንዲሁ። አእምሯችን ራሱ ስኳር በሊታ በመሆኑ እዚያ ያለ ካንሰር በብርሃን ውስጥ እንዳለ ሻማ ይጠፋል። ስኳሩ በሽንት ስለሚወጣ ደግሞ በኩላሊትና በፊኛ ያለውን ለመለየት ያስቸግራል። ከአንድ ሴንቲ ሜትር ያነሰ እባጭም ሊሰወር ይችላል። ለፕሮስቴት ሌላ ነገር የሚከተል አዲስ ውሕድ የአሜሪካን መድኃኒት ተቆጣጣሪ ፈቃድ ያገኘው በ2020 መጨረሻ ነው። ጥያቄው ሲለወጥ መልሱ ተለወጠ ማለት ነው።

ለእኛ ሀገር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አባቶቻችን ካንሰርንም «ነቀርሳ» ብለውታል፤ ቲቢንም «የሳንባ ነቀርሳ» ብለውታል። ከተሜው ይህን የእውቀት ማነስ አድርጎ ይቈጥረዋል። ግን ፔት ስካንም ያው ነው! በቲቢ የቆሰለ ዕጢም ስኳር ይበላል፣ ያበራልም። የቲቢ ሸክም በዓለም ከበዛባቸው ሀገሮች አንዷ በሆነችው በኢትዮጵያ የበራ ሁሉ ካንሰር አይደለም። ከናሙና ምርመራ በፊት ሁለቱን ነቀርሳዎች ለመለየት ሚሊዮን ዶላሮች የወጡበት መሣሪያም እንደ አያቶቻችን ቋንቋ ይቸገራል።

* * *

የሀገራችንና የአቶም ዝምድና አዲስ አይደለም። አይዘንሃወር «አቶም ለሰላም» የሚለውን ንግግራቸውን በ1953 ካሰሙ በኋላ፣ ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ በ1957 ሲቋቋም ኢትዮጵያ በዚያው ዓመት አባል ሆነች። የጨረር መከላከያ ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 79/1986 ተቋቋመ። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የጨረር ሕክምና ማእከል ሥራ የጀመረው በ1990ዎቹ መገባደጃ ነው፤ እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ፣ ለሃያ ዓመታት ያህል፣ ለመላው የሀገሪቱ ሕዝብ ብቸኛው እርሱ ነበር። እንግዲህ ለደብረ ኤልያስ ሰው ምን ያህል ሩቅ እንደነበረ አስቡት።

መሣሪያው ቢኖር እንኳ ቀለቡ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነው። የቴክኒሺየም ግማሽ ዕድሜ ስድስት ሰዓት ነው፤ የሚታለብበት የሞሊብዲነም 66 ሰዓት ነው። እንደ እህል ጎተራ ውስጥ አይከተትም። እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2010 የካናዳው ቾክ ሪቨር ማብለያ ለወራት ሲዘጋ ሀብታሞቹ ሀገሮች ሳይቀሩ ሕሙማንን ለመመለስ ተገደዱ። በዓለም ካሉት ጥቂት አምራቾች አንዱ እዚሁ አፍሪካ፣ ደቡብ አፍሪካ ፔሊንዳባ ላይ መገኘቱ ብዙዎቻችን የማናስታውሰው ነገር ነው።

* * *

አሁን ወደ ለመድነው ጉዳይ ልመለስ። አጥንት ሲጮኽ ብቻ የሚሰማ መሣሪያ ያለው ሐኪም ብቻ ነው እንዴ?

በ1960 ዓ.ም. አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ አመፀ። መንግሥት ጦር ላከ። በመጨረሻ ግን ጩኸቱ ተሰማ፤ የጠቅላይ ግዛቱ ገዢ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ የተወዘፈውም ግብር ተማረ። ጎጃም በዚያ ዘመን ካርታ ላይ እንደ የኔታ ጉልበት አበራች። ከአምስት ዓመት በኋላ ወሎ ተራበች። የወሎ ገበሬ ጦር አላነሣም፤ ከብቱን ሸጠ፣ ከዚያም ወደ መንገድ ዳር ወጥቶ ሞተ። የመንግሥቱ መሣሪያ የሚለካው አመፅን እንጂ ረሀብን አልነበረምና የመዲናዪቱ ሪፖርት ጸጥ ያለ ነበር። እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ፊልሙን በቴሌቪዥን ሲያሳይ ግን ዓለም አየው። በዓመቱ ዘውዱ አልነበረም። ውስጥ ለውስጥ የተበላው አጥንት ከመደቡ ሲነሣ ተሰበረ።

ይህ የንጉሡ ዘመን ብቻ ታሪክ አይደለም። ከዚያ ወዲህ የመጡትም የሚለኩት የወደዱትን ነው። ስንት ሕንፃ እንደተመረቀ እንጂ ስንት የወረዳ ላቦራቶሪ የፕሮቲን ምርመራ ማድረጊያ ኬሚካል እንዳለቀበት ሪፖርት ሲቀርብ አልሰማሁም። ካሜራ ሲገባ ሪባን ይቈረጣል፤ ለሽንት ምርመራ ሪባን የሚቈርጥ ባለሥልጣን የለም። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት ሳቢያ በሽተኛ ይዞ ከደብረ ኤልያስ ወደ ደብረ ማርቆስ መውጣት ራሱ የዕድል ጉዳይ ሆነ። ጥይት ይጮኻል፤ ይመዘገባል። በመንገድ መዘጋት ምክንያት ቤቱ ተኝቶ የሚሞተው ግን ዝም ያለ አጥንት ነው፤ በማንም ምስል ላይ አይወጣም።

መሣሪያውን እያጣጣልሁ አይደለም። ጨምረው ይምጡልን! ግን ከእያንዳንዱ መሣሪያ ጋር የየኔታ ጥያቄ አብሮ ይምጣ። ዘመዳችሁን ስካን ስታስነሡ ሐኪሙን በአክብሮት ጠይቁት፦ «ይህ ምርመራ የሚከተለው ምንን ነው? የማያየውስ ምንን ነው?» ውጤቱ ንጹሕ ሆኖ ሕመሙ ካልለቀቀ ወረቀቱን ሳይሆን ሕመምተኛውን እመኑ። በዕድሜ የገፋ ሰው አጥንቱን እያመመው ደሙ ካነሰና ኩላሊቱ ከደከመ የደምና የሽንት ፕሮቲን ይታይለት ዘንድ ጠይቁ። የኔታን ያኔ ደርሰንባቸው ቢሆን ማየሎማ በአብዛኛው ፈጽሞ የሚድን በሽታ ባይሆንም፣ ሕክምናው ዓመታት ሊጨምርላቸው ይችል ነበር። ይህን ማወቄ ነው እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ።

በቅኔ ቤት ተማሪ ሰሙን ብቻ ይዞ ሲመለስ መምህሩ አይቈጡም፤ መልሰው ይጠይቁታል እንጂ። እኔ ያን ቀን ሰሙን ይዤ ነበር የመጣሁት፤ «ንጹሕ ነው» የሚል ወረቀት። የኔታ መልሰው ጠየቁኝ፤ እኔ ግን ሣቅሁ።

ቸር ይግጠመን።